የተፈጥሮ ምርጫን ከጂን ካርታ ላይ ማንበብ

በዓለም ሕዝቦች ጂን ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ርቀት ሲለኩ ብዙ ጊዜ መነሻቸውን አዲስ አበባ ያደርጋሉ። ቀልድ አይደለም። በ2005 የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከአዲስ አበባ ተነስቶ በየብስ ነው የለካው። ወደ አውሮፓ በካይሮና በኢስታንቡል በኩል፣ ወደ አሜሪካ ደግሞ በሩሲያ ጫፍ ባለችው አናዲርና በካናዳዋ ፕሪንስ ሩፐርት በኩል። የጥንት ሰው ውቅያኖስ አቋርጦ ስላልሄደ ቀጥታ መስመር መዘርጋት ትርጉም የለውም። ውጤቱም ግልጽ ነበር፤ ከአዲስ አበባ እየራቁ በሄዱ ቁጥር በአንድ ሕዝብ ውስጥ ያለው የጂን ብዝኃነት እየቀነሰ ይመጣል። ከአፍሪካ ወጥቶ ወደፊት የገፋው በየጊዜው ጥቂት ሰው ነው፤ ጥቂት ሰው ደግሞ ይዞ የሚሄደው ከወላጆቹ ሕዝብ ጂን የተወሰነውን ብቻ ነው።

ይህ ከተፈጥሮ ምርጫ፣ ማለትም ለመኖርና ለመውለድ የሚጠቅም የጂን ዓይነት ከትውልድ ትውልድ እየበዛ ከመሄዱ ጋር ምን ያገናኘዋል? በጣም ያገናኘዋል። የሕዝቦች ጂን ምንም ዓይነት ምርጫ ሳይኖር በርቀትና በዕጣ ብቻ ይለያያል ማለት ነው። በአንድ አገር የበዛ፣ በሌላው የጠፋ የጂን ዓይነት ስላገኘን ብቻ «ተፈጥሮ መርጣው ነው» ማለት አንችልም። በዕጣ የወጣም ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ሳይንቲስቶቹም ተሳስተዋል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

በሕዝቦች መካከል ያለው የጂን ልዩነት መለኪያ ኤፍኤስቲ ይባላል። በአንድ የጂን ቦታ ላይ የየጂን ዓይነቱ ድርሻ በሁለት ሕዝቦች ውስጥ እኩል ከሆነ ዜሮ ይሆናል፣ አንዱ ሙሉ በሙሉ አንዱን ዓይነት ሌላው ሙሉ በሙሉ ሌላውን ከያዘ አንድ ይሆናል። በአህጉሮች መካከል አማካዩ አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። ትንሽ ነው። የጂን ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1972 እንዳሳየው ከሰው ልጅ የጂን ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ነው፤ የአንድ ቀበሌ ጎረቤታሞች መካከል ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ሌዎንቲን ከክራካወር ጋር ሆኖ ሐሳቡን ወደ ማጥመጃነት ቀየረው። ስደትና ዕጣ ሁሉንም ጂኖች በአንድነት ይነካሉ። ምርጫ ግን ለይቶ ነው የሚነካው። ስለዚህ አብዛኛው ጂን በሚለያይበት መጠን ያልተለያየ፣ ከሌሎቹ ተነጥሎ የወጣ ጂን ካለ እሱን መጠርጠር ነው። ተቺዎች ወዲያው ደረሱበት፣ ልክም ነበሩ፤ ሕዝቦች እርስ በርስ ዘመዳሞች ስለሆኑ ቁጥሩ በራሱ በጣም ይዋዥቃል። ሐሳቡ ግን ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ከሁሉም የጎላው ምሳሌ ደፊ የሚባለው የደም ዓይነት ነው። ስሙ በ1950 የታወቀበት ታማሚ የቤተሰብ ስም ነው። ደፊ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የሚቀመጥ ፕሮቲን ሲሆን ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ እንደ በር ይጠቀምበታል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሩ የለውም። አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ተቀይራ ጂኑን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ብቻ ዘግታዋለች፣ በሌላው የሰውነት ክፍል ይሠራል። ከአፍሪካ ውጭ ደግሞ ይህቺ ለውጥ የለችም ማለት ይቀላል። ከመቶ ወደ ዜሮ! በሰው ልጅ ጂን ውስጥ እንዲህ ያለ ካርታ ጥቂት ነው። በ1976 ሚለርና ባልደረቦቹ ደፊ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ አሳዩ፤ በምዕራብ አፍሪካ ቫይቫክስ ለምን ብርቅ እንደሆነም በዚያው ተመለሰ። እዚህ ካርታው ብቻውን አይደለም፤ በሽታው አለ፣ መንገዱ አለ፣ ጂኑ አለ። ሦስቱ ሲገጥሙ ነው ማመን የሚቻለው።

የእኛ አገር ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደፊ ያላቸውም የሌላቸውም አብረው ይኖራሉ፣ ቫይቫክስም ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ዋናው የወባ ዓይነት ነው። ደፊ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥም ቫይቫክስ ተገኝቷል፣ በማዳጋስካርም እንደዚያው። በሩ ተዘግቷል የተባለበት ቤት ተውሳኩ በሌላ ቀዳዳ እየገባ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ምሳሌ ቲቤት ነው፤ ሰው አየሩ በሳሳበት ከፍታ የሚኖርበት አገር። እዚህ ላይ ዘዴው ራሱ ብልጥ ነው። ሁለት ሕዝብ ብቻ ብታነጻጽር ልዩነቱን ያየኸው ጂን በየትኛው ወገን እንደተቀየረ አታውቅም። ሦስተኛ ሕዝብ ስትጨምር ግን ለውጡ የመጣው በየትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደሆነ ይለያል። በ2010 የ50 ቲቤታውያን ጂን ከሃን ቻይናውያንና ከዴንማርኮች ጋር ተነጻጽሮ ኢፓስ1 የተባለው፣ ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው የሚሠራ ጂን ተነጥሎ ወጣ። በውስጡ ያለች አንዲት ለውጥ በቲቤታውያን 87 በመቶ፣ በሃን 9 በመቶ ነበረች። ቲቤታውያንና ሃን ደግሞ በሌላው ሁሉ በጣም ይቀራረባሉ። እንዲህ ያለ ልዩነት በዕጣ ይመጣል ማለት ከባድ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ለውጧ የመጣችው ዴኒሶቫ ከሚባሉት ከጠፉት የሰው ዘመዶች እንደሆነ ታወቀ።

ታዲያ የእኛ ደገኞችስ? ሲንቲያ ቢል የመራችው ቡድን በ2002 ያወጣው ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሯል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሰዎች አየሩ ሲሳሳ ሄሞግሎቢናቸው (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ይጨምራል፣ ደማቸው ይወፍራል። ቲቤታውያን ሄሞግሎቢናቸው ብዙም አይጨምርም፣ የደማቸው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። የሰሜን ደገኞች ሄሞግሎቢንም የደም ኦክስጅንም ቆላ እንደሚኖር ሰው ነው! ወንዶቹ በአማካይ 15.9፣ ሴቶቹ 15.0 ግራም ሄሞግሎቢን በአንድ አሥረኛ ሊትር ደም፤ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ። ሦስት ተራራ፣ ሦስት መፍትሔ።

ጂኑ ሲፈለግ ግን እንደ ቲቤት አልቀለለም። በ2012 እና 2013 የተለያዩ ቡድኖች አማራንና ኦሮሞን ጨምሮ የደጋ ሕዝቦችን ከቆላ ሕዝቦች ጋር አነጻጸሩ። አንዱ ቢኤችኤልኤችኢ41 የተባለውን ጂን አወጣ፣ ሌሎቹ ሌላ ሌላ አወጡ፤ ዝርዝሮቹ ብዙም አልተገጣጠሙም፣ የቲቤቱ ኢፓስ1ም እዚህ ጎልቶ አልታየም። ለእኔ ይህ የዘዴውን ድክመት ከሁሉ በላይ ያሳያል። ደጋና ቆላ እዚህ አገር የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ሰው ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይጋባል፣ ጂኑም አብሮ ይወርዳል ይወጣል። በዚያ ላይ የዛሬው ደገኛ ከምዕራብ እስያ ተመልሶ የመጣ የዘር ድርሻ አለው፣ የሚነጻጸርበት ቆለኛ ደግሞ ድርሻው ሌላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የምታየው ልዩነት የከፍታ ሳይሆን የአያት ቅድመ አያት ይሆናል። በጋሞ ደጋ ሞጣ ዋሻ ውስጥ የተገኘው የ4,500 ዓመቱ ሰው ጂን በ2015 ሲታተም ትልቅ ወሬ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ያ ድርሻ ከመምጣቱ በፊት የኖረ ሰው ነዋ።

ወተትም እንዲሁ። አዋቂ ሆኖ የወተት ስኳርን መፍጨት የሚያስችለው ለውጥ በአውሮፓ አንድ ነው፣ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወርዱ እየቀነሰ ይሄዳል። አፍሪካና አረቢያ ላይ ግን ሌሎች ለውጦች ናቸው፤ በኬንያና ታንዛኒያ አንዱ፣ ከግመል አርቢዎች ጋር የሚያያዘው የአረቢያው ሌላ። በኢትዮጵያ ከእነዚህ ብዙዎቹ በአንድ ላይ ይገኛሉ። ምርጫው ኃይለኛ ነው፣ ግን በአራት አምስት ለውጦች ላይ ስለተከፋፈለ አንዳቸውም በመቶኛ ጎልተው አይወጡም። በድርሻ ልዩነት ብቻ የሚፈልግ ሰው በአጠገቡ አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ ሌላ ምልክት ይጨመራል፤ በቅርቡ የተመረጠ ለውጥ በዙሪያው ያለውን ረጅም የዲኤንኤ ገመድ ሳይበጣጠስ ይዞ ነው የሚበዛው።

አንድ የሚያናድድ ነገርም ልናገር። መነሻው አዲስ አበባ ነው ብለናል። ግን የ52 ሕዝቦችን ናሙና በያዘው ዝነኛ ስብስብ ውስጥ አንድም የኢትዮጵያ ሕዝብ የለም። በ2015 የተጠናቀቀው፣ 2,504 ሰዎችን ከ26 ሕዝቦች የያዘው የሺህ ጂኖሞች ፕሮጀክትም ከአፍሪካ የወሰደው ከናይጄሪያ፣ ከጋምቢያ፣ ከሴራሊዮንና ከኬንያ ነው። ኢትዮጵያውያን የገቡት ለብቻ በተሠሩ ጥናቶች ነው። ሜትሩ እኛ በር ላይ ይጀምራል፣ የሚለካው ግን ሌላው ነው።

እንግዲህ ስህተቱ። በአውሮፓ ሰሜኖቹ ከደቡቦቹ ይረዝማሉ። በ2010ዎቹ የወጡ ጥናቶች ቁመት ላይ ትንሽ ትንሽ የሚጨምሩ እጅግ ብዙ ለውጦችን ደምረው ልዩነቱ የምርጫ ውጤት ነው አሉ። ምልክቱ ጠንካራ ነበር፣ ለዓመታትም ሲጠቀስ ቆየ። በ2019 ሁለት ቡድኖች በዩናይትድ ኪንግደም ባዮባንክ፣ ማለትም እርስ በርሱ በጣም በሚመሳሰል ሕዝብ ላይ በተሰበሰበ መረጃ ደግመው ሲሠሩት አብዛኛው ምልክት ተነነ። ቀድሞ የነበረው ስሌት የሰሜንና የደቡብን የዘር ልዩነት በሚገባ ስላልቀነሰው፣ የትውልድ ቦታው ራሱ እንደ ቁመት ጂን ሆኖ ተቆጥሮ ነበር። በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ ስህተቱ ኢምንት ናት፣ ሲደመር ግን ከሰሜን እስከ ደቡብ አውሮፓ የተዘረጋ ካርታ ሠራች።