«ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S) የተጻፈበት ጎማ የክረምት (የብርድና የበረዶ ወቅት) ጎማ ነው?

አይደለም። ጽሑፉ «ጭቃና በረዶ» ማለት ሲሆን የሚያመለክተው የጥርሱን ቅርጽ ብቻ ነው፤ አምራቹ ያለ ምንም የበረዶ ፈተና ሊጽፈው ይችላል። መፈለግ ያለበት ሦስት ጫፍ ባለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ነው። ይህ ጎማው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ተፈትኖ ማለፉን ያሳያል። ጀርመን ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለክረምት መንገድ የምትቀበለው ይህንኑ ምልክት ብቻ ነው።

ምልክቱ ግን አንዳንድ የሁሉም ወቅት ጎማዎች ላይም አለ። በተራ ጎማና በክረምት ጎማ መካከል ያለው ልዩነት ላስቲኩ ላይ ነው። ተራ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች እየደረቀ መንገድ መቆንጠጥ ያቅተዋል፤ የክረምት ጎማ ግን እንደለሰለሰ ይቆያል፣ ጥርሱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆችም በረዶውን ይነክሳሉ። በረዶ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጥል ከሆነ ምልክቱ ያለበት የሁሉም ወቅት ጎማ ይበቃል። መንገዱ ለሳምንታት በረዶ ለብሶ የሚከርም ከሆነ ግን የክረምት ጎማ ይግዙ።

አራቱንም ይቀይሩ! የፊቶቹ ብቻ ከተቀየሩ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወይም ሲታጠፍ ከኋላ ይንሸራተታል። ጥርሱ ከ4 ሚሊሜትር በታች ሲደርስ በበረዶ ላይ አይታመንም።