እንደሚሸሹ እያወቀ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በፒያሳና በአራት ኪሎ ከወጣቶቻችን ጋር ስንጫወት የሮክ ዘፈን ግጥም ይነሣል። ማንንም አልፈልግም፣ ማንም አይጎዳኝም የሚለው መንፈስ ብዙዎቹን ይስባቸዋል። «ዓለማዊ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ከግጥሙ በስተጀርባ የቆሰለ ሰው አለና።

ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዘ ዎል» (ግንቡ) የተባለ አልበም ራሱን በግንብ ስለከለለ ሰው ይተርካል። ደራሲው ሮጀር ዋተርስ አባቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ውስጥ ሲሞት ገና የወራት ሕፃን ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ሞንትሪያል ከመድረክ ሆኖ በአንድ አድማጭ ላይ ተፋ፤ የግንቡ ሐሳብ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። በአልበሙ እያንዳንዱ ሐዘን አንድ ጡብ ይሆናል። በመጨረሻ ባለታሪኩ ለፍርድ ይቀርባል፤ ቅጣቱም ግንቡ ፈርሶ በሰው ፊት መገለጥ ነው። ለተጎዳ ሰው መታየት በእውነት ቅጣት ይመስላል።

እንዲህ ያለ ግንብ እኛም ዘንድ አለ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ብዙ ሰው ሲነሣ ቡና ሲጠራራ፣ በአንድ እድር ለቅሶ ሲደርስ የኖረ ጎረቤት ተበተነ። አንዲት እናት «ከእንግዲህ ጎረቤት አልለምድም» ብትል ማን ይፈርድባታል?

«አጥብቀህ ልብህን ጠብቅ» ተብሏል (ምሳ. 4፥23)። ጌታችንም በኢየሩሳሌም ምልክት አይተው ያመኑትን አይተማመናቸውም ነበር (ዮሐ. 2፥24)። ለሁሉ ሁሉን መንገር አልታዘዝንም። በጌቴሴማኒ ግን ሦስቱን ለብቻ ወስዶ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች፤ በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ» አላቸው (ማቴ. 26፥38)። አስተውሉ! በዚያች ሌሊት ሁሉም እንደሚሰናከሉበት ቀድሞ የነገራቸው ራሱ ነው። ጴጥሮስን «ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ» ብሎታል፤ ያንኑ ጴጥሮስን ይዞ ገባ። ተኝተው አገኛቸው። ተመልሶ ጸለየ፣ ደግሞ መጣ፤ አሁንም ተኝተዋል። ሐዘኑን ግን አልሰወረባቸውም። እንዲህ ያለ አምላክ ነው ያለን!

ልባችሁ የተዘጋ ሆይ፣ ለሁሉ ክፈቱት አልልም። በዚህ ሳምንት ወደ ንስሐ አባታችሁ ሄዳችሁ ኃጢአታችሁን ብቻ ሳይሆን ሐዘናችሁንም ንገሯቸው። ከሰፈር የራቀባችሁን ጎረቤትም ደውላችሁ «እንዴት ከረምሽ?» በሏት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።