የአፍሪካ ኅብረት የ0.2 በመቶ ቀረጥ ተጨማሪ መዋጮ ነውን?

የኅብረቱ መሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ የተስማሙበት የ0.2 በመቶ የገቢ ዕቃ ቀረጥ ብዙ ጊዜ አዲስ መዋጮ ተደርጎ ይወራል፤ በእርግጥ ግን አባል አገሮች ለኅብረቱ የሚያዋጡት ነባሩ መዋጮ የሚከፈልበት የገንዘብ ምንጭ እንጂ በላዩ የሚደረብ ዕዳ አይደለም። የየአገሩ ድርሻ አስቀድሞ በኅብረቱ ስሌት የሚወሰን ሲሆን፣ ቀረጡ የታሰበው ያ ድርሻ ከየመንግሥታቱ ዓመታዊ በጀት እስኪለቀቅ ድረስ የሚዘገይበትንና ኅብረቱ ለፕሮግራሞቹ የውጭ ለጋሾችን ደጅ የሚጠናበትን ልማድ ለማስቀረት ነው።

ቀረጡ የሚጣለው ከአባል አገሮች ውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ነው። 10,000 ዶላር የሚያወጣ የጃፓን ጎማ ኪጋሊ ሲገባ የሚከፈለው 20 ዶላር ይሆናል፤ ጎማው ኬንያ የተሠራ ከሆነ ግን ምንም አይከፈልበትም፤ በእርዳታ የመጣ ዕቃም ነፃ ነው።

ይበልጥ የሚያምታታው የተሰበሰበው ገንዘብ ከድርሻው ሲበልጥ ወይም ሲያንስ የሚሆነው ነው። ትርፉ እዚያው አገር ይቀራል፤ ጉድለቱን ደግሞ መንግሥት ከሌላ ምንጭ ይሞላል። ስለዚህ ብዙ ዕቃ የሚያስገባ አገር ብዙ ስለሰበሰበ ብቻ ለኅብረቱ አብልጦ አይከፍልም።

ጠንካራው ተቃውሞ የመጣው ከንግድ ሕግ በኩል ነው፦ የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት የሌላውን አባል ዕቃ ከሌላው ለይተው እንዳይቀርጡ የሚከለክል ግዴታ አለባቸው፤ ይህ ቀረጥ ደግሞ የሚለየው በዕቃው መነሻ ነው።