ሳምፕል ምንድን ነው? የሁሉም ትዝታና የአንድ ሰው ትዝታ

ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ወጣት አቀናባሪ የድሮ ዘፈን ሲቆራርጥ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የሳክስፎኗን መግቢያ ብቻ ነጥሎ አወጣ፣ ፍጥነቷን ቀነሰ፣ ከሥሯ አዲስ ከበሮ አስገባባት። እውነት ለመናገር ታምራለች። «ፈቃድስ?» ስለው «ሰባት ሰከንድ እኮ አትሞላም» አለኝ።

ሳምፕል የሚባለው ይህች ቁራጭ ናት። ከቨር ስትሠሩ ዘፈኑን ራሳችሁ እንደ አዲስ ትጫወቱታላችሁ፤ ሳምፕል ስታደርጉ ግን የሚሰማው ያ ሳክስፎን ተጫዋች ያኔ የነፋው ትንፋሽ ራሱ ነው።

ሰባት ሰከንድ ካልሞላ ፈቃድ አያስፈልግም የሚባለው ነገር (ስምንት የሚሉም አሉ) ሕጋችን ውስጥ የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በሰዓት አይለካም። ለጥቅስ የተተወ ቀዳዳ አለ፤ እሱም ቢሆን ምንጩንና የደራሲውን ስም መጥቀስ ይፈልጋል፤ ለአዲስ ዘፈን ማጀቢያ የተጻፈ ግን አይመስለኝም። «አላስመዘገበውም» ማለትም አያዋጣም፤ ሥራው ወጥ (የራሱ የደራሲው ፈጠራ) ሆኖ ከተቀረጸ ያለ ምዝገባም ይጠበቃል።

ፈቃዱ ከማን? የካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ ስም ሲደረደር አይታችኋል። በአንድ ዘፈን ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሳምፕል የሚያደርግ ሰው ቢያንስ ሁለት በር ያንኳኳል፦ የዜማውን ደራሲና የተቀረጸውን ድምፅ ባለቤት። ከዋኞቹም፣ ማለትም የዘፈኑትና የተጫወቱት፣ ከደራሲው መብት ጎን የሚቆም የራሳቸው «ተዛማጅ መብት» አላቸው። ያችኑ ሳክስፎን በክራር ደግማችሁ ብትጫወቷት ሁለተኛው በር ይቀራል፤ የዜማው ግን አይቀርም። «ሰውዬው እኮ አርፏል» ብትሉም የደራሲው መብት ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ወራሾቹን መፈለግ ነው።

ታዲያ በነፃ የሚወሰድ ነገር የለም? አለ እንጂ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ መደቦች ናቸው፤ ማንም አጥር ሊያጥርባቸው አይችልም። አዝማሪ ቤት «ተቀበል» ብሎ የተወረወረ ስንኝም ካልተቀረጸ በአዋጁ አይጠበቅም፤ እኔ ይህን ፍትሐዊ ነው አልልም። ሙላቱ አስታጥቄ ግን በትዝታ ላይ ሠርቶ «የግሌ ትዝታ» ያለው ሙዚቃ ቅኝት ሳይሆን ሥራ ነው። ራፐሩ ናስና የሬጌው ዘፋኝ ዴሚያን ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ2010 «አዝ ዊ ኢንተር» በተባለ ዘፈናቸው ላይ ሳምፕል ያደረጉት ይህንኑ ሙዚቃ ነው።

ልጁን የዘፈኑ ዜማ የማን እንደሆነ ጠየቅኩት። ከቴሌግራም ያወረደው ነው፤ አያውቅም። ካሴት ለሚሰበስብ አንድ ጓደኛዬ ደወልኩና የሽፋኑን ፎቶ ላከልን። ልጁ ስሙን ሁለቴ አነበበው፤ «እኚህ ሰውዬ እኮ ሰፈራችን ናቸው» አለ።