«ስኮላር ላይ ከሌለ የለም» እና ሌሎች የቴሲስ ሰሞን እምነቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቴሲስ ሰሞን ሲመጣ ስልኬ አያርፍም። የዘመድ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የጓደኛ እህት፣ ሁሉም «ሊትሬቸር ሪቪው (የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ) ላይ ትንሽ አግዘኝ» ይላሉ። ማገዙ ደስ ይለኛል። የሚገርመኝ አንድ ዓይነት እምነት ይዘው መምጣታቸው ነው። ኮምፒውተሩ በዓለም ያለውን ጥናት ሁሉ ለቅሞ፣ አበጥሮና አንጠርጥሮ ያቀረበላቸው ይመስላቸዋል። መልቀሙንስ ይለቅማል። ማበጠሩ ላይ ነው ጣጣው።

ደጋግሜ የመለስኳቸውን እዚህ ላስቀምጥ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአቆጣጠሩ ነገር ራሱ መዘዝ ስላለው በኋላ እመለስበታለሁ።

«ጎግል ስኮላር ላይ ከሌለ የለም»

ይህ የሁሉም እናት ነው። ስንት ቴሲስ ላይ «በዚህ ርዕስ እስካሁን ጥናት አልተካሄደም» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብቤያለሁ! ጸሐፊው ያደረገው አንድ ምሽት የጎግል የጥናት ጽሑፍ መፈለጊያ በሆነው ስኮላር ላይ ሦስት ቃል መጻፍ ብቻ ነው።

ስኮላር በ2004 ሲጀመርም ሆነ ዛሬ አሠራሩ ያው ነው። ሮቦት የሚባል ፕሮግራም ከገጽ ወደ ገጽ በሊንክ ይሄዳል፣ የጥናት ጽሑፍ የሚመስለውን ይመዘግባል። ሊንክ የሌለው ገጽ ጋ አይደርስም። በወረቀት ብቻ ያለውን አያየውም። ስካን ተደርጎ በፎቶ መልክ የተቀመጠ ሰነድ ለእሱ ባዶ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። አንድ ድረ ገጽ «ሮቦት አይግባ» ብሎ ከከለከለም ይመለሳል። በየዲፓርትመንቱ መደርደሪያ አቧራ የጠጡት የማስተርስ ጽሑፎች በዚህ መንገድ «የሉም» ይባላሉ።

ያገኘውንም ቢሆን ሁሉን አያሳይም። ከላይ 45,000 ውጤት ብሎ ቢጽፍም ገጽ እያገላበጣችሁ ማየት የምትችሉት የመጀመሪያዎቹን 1,000 ብቻ ነው።

ስለዚህ በር መቀያየር ነው። የአፍሪካ መጽሔቶችን በአንድ ላይ ያሰባሰበው ኤጆል ከ1998 ጀምሮ አለ፤ የእኛም መጽሔቶች አሉበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን የሚያስቀምጥበት የኢንተርኔት ማከማቻ አለው። የጤና ጥናት ከሆነ ፐብሜድ አለ፤ ከ35 ሚሊዮን በላይ መዝገብ ይዟል። እሱም ቢሆን በአብዛኛው የሚያሳየው ርዕስና አጭር መግለጫ እንጂ ሙሉ ጽሑፉን አይደለም። ኦፕንአሌክስ የሚባለውም አለ። ማይክሮሶፍት የራሱን የጥናት መፈለጊያ በ2021 መጨረሻ ሲዘጋ በቦታው የተተካ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከጥንቱ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ነው። ለማንም ክፍት ነው።

በአማርኛ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ፊደሉን ቀያይሩ። «ጸሐይ»፣ «ፀሐይ»፣ «ፀሀይ» ለእናንተ አንድ ቃል ናቸው። ማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ሊቆጥራቸው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚጻፈው «በእነዚህ ቦታዎች፣ በእነዚህ ቃላት፣ በዚህ ቀን ፈልጌ አላገኘሁም» ነው። አድቫይዘራችሁ እንዲያውም በዚህ ይደሰታሉ።

«ማሽን ስለሆነ አይሳሳትም»

በ1959 የታተመ አንድ ጽሑፍ ነበር፤ ገጹ ለሁለት ዓምድ የተከፈለ። ጽሑፉ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ማሽኑ የግራውን ዓምድ ጨርሶ ወደ ቀኙ እንደመሄድ፣ ሁለቱን ዓምዶች አሻግሮ አነበባቸው። ከግራው «ቬጀቴቲቭ»፣ ከቀኙ «ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፒ» የሚሉት ቃላት ገጠሙ። እንዲህ የሚባል የማይክሮስኮፕ ዘዴ በዓለም ላይ የለም። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ቃሉ በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ለዚህ የፋርስኛ ትርጉምም አስተዋጽኦ አለው ይባላል፤ በዚያ ቋንቋ «ቬጀቴቲቭ» የሚለውና ትክክለኛው ቃል «ስካኒንግ» የሚለያዩት በአንዲት ነጥብ ነው። አሁን ደግሞ ቻትቦቶች ቃሉን እውነተኛ ነገር አስመስለው ይጽፉታል።

ይሄ የሰው አገር ወሬ ነው እንዳትሉ። የእኛ ስም ብቻውን ለእነዚህ መሣሪያዎች ፈተና ነው። የተሠሩት ስምና የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። አበበ ከበደ የሚባል ተመራማሪ ሲገባ «ከበደ፣ አ.» ሆኖ ይመዘገባል። ከበደ ግን አባቱ ናቸው! ጥናቱን አልጻፉም። አልማዝ ከበደም፣ አስቴር ከበደም፣ አየለ ከበደም «ከበደ፣ አ.» ናቸው። ማሽኑ አራቱን አንድ ሰው ያደርጋቸዋል፤ አንዱ የወባ ትንኝ፣ አንዷ የኮንክሪት፣ አንዷ የባንክ ብድር ያጠኑ ቢሆኑም። ተቃራኒውም አለ። ገብረማርያም የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዴ ተጋጥሞ፣ አንዴ በሰረዝ፣ አንዴ «ገ/ማርያም» ተብሎ ስለሚጻፍ አንዱ ሰው ሦስት ይሆናል። መድኃኒቱ ኦርኪድ ነው። ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነፃ የሚሰጥ 16 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር ነው። ስም ቢምታታም ቁጥር አይምታታም። የመጀመሪያ ጽሑፋችሁን ሳትልኩ አውጡት።

ዘመኑም ያምታታል። መጽሔቱ ሽፋኑ ላይ «1995» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ካተመ፣ ማሽኑ የፈረንጁ 1995 ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ጥናቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው። «ከ2000 ወዲህ ብቻ» ብላችሁ ስትፈልጉ ያለ ጥፋቱ ይወድቃል።

የፊደሉ ነገርማ ይብሳል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ኮድ በሚሰጠው የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ስንጽፍ ነበር። ስክሪኑ ላይ «ሀ» ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ኮድ ግን የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ነው። እንዲህ ካለ ፒዲኤፍ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉት። የሚወጣው ዝባዝንኬ ነው። ሮቦቱ የሚያነበውም ያንኑ ዝባዝንኬ ነው።

«ብዙ የተጠቀሰ ጥናት የታመነ ነው»

አይክ አንትኬርን ላስተዋውቃችሁ። ስሙ በእንግሊዝኛ ሲነበብ «ግድ የለኝም» እንደማለት ይመስላል። በ2010 ከአንስታይን በላይ የተጠቀሰ ሳይንቲስት ሆኖ ነበር፤ ኤች ኢንዴክሱ 94። ማለትም እያንዳንዳቸው ቢያንስ 94 ጊዜ የተጠቀሱ 94 ጽሑፎች ነበሩት።

ሰውየው የለም። የፈጠረው ሲሪል ላቤ የተባለ ፈረንሳዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ነው። የኤምአይቲ ተማሪዎች በ2005 የሠሩትን፣ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ የሚፈበርክ ሳይጅን የተባለ ፕሮግራም ተጠቀመ። መቶ ያህል ጽሑፍ አስወጣ፣ እርስ በርሳቸው እንዲጠቃቀሱ አደረገ፣ ድረ ገጽ ላይ አሰጣቸው። ስኮላር መጥቶ ለቀማቸው። ቁጥሩ የቆጠረው ጥቅሱን ነው፤ ውስጡን የከፈተ የለም።

ሐሰተኛ ባይሆንም እንኳ ቁጥሩ ለምን እንደተጠቀሰ አይነግራችሁም። በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቶ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል። እጅግ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል፤ ብዙው ስህተቱን ለማሳየት ነው። እንዲህ የተሰረዘ ጽሑፍ ዞቴሮ በተባለው የሪፈረንስ ማደራጃ ፕሮግራም ውስጥ ካስቀመጣችሁ ከ2019 ጀምሮ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያሳያችኋል። ዞቴሮ ነፃ ነው። ካልጫናችሁ ዛሬውኑ ጫኑ። የሰጣችሁን ሪፈረንስ ግን አንድ በአንድ እዩት፤ ስምና አባት ስም ገልብጦ ያስቀመጠበትን ቀን አልቆጥረውም።

«ሙሉውን ለማግኘት ወይ ብር ወይ ጠላፊ ያስፈልጋል»

«ይክፈሉ» የሚል ገጽ ስታዩ አትደንግጡ። አንፔይዎል የሚባል በ2017 የወጣ ትንሽ የብራውዘር ተጨማሪ አለ። በሕጋዊ መንገድ የተለቀቀ ቅጂ ካለ የተከፈተ አረንጓዴ ቁልፍ ያሳያል። በጤናው ዘርፍ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 የጀመረው ሂናሪ አለ። ተቋማችሁ ከተመዘገበ ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት፤ የላይብረሪ ባለሙያዎቹን ጠይቋቸው። ፊዚክስና ኮምፒውተር ሳይንስ ከሆነ ፖል ጊንስፓርግ በ1991 የጀመረው አርካይቭ ያለውን ሁሉ በነፃ ያስወርዳል። ለጸሐፊው ኢሜይል መጻፍም አያሳፍርም። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ።

ፕሮግራም ጽፋችሁ በብዛት የምታወርዱ ልጆች፣ እናንተ ደግሞ ቀስ በሉ። አርካይቭ በጥያቄና በጥያቄ መካከል 3 ሰከንድ ጠብቁ ይላል። ፐብሜድ ያለ መለያ ቁልፍ በሰከንድ ከ3 ጥያቄ በላይ አይፈቅድም። የጥናት ጽሑፎችን መረጃ የሚመዘግበው ክሮስሬፍ ኢሜይላችሁን ከጥያቄው ጋር ስትልኩ በተሻለ መስመር ያስተናግዳችኋል። የማውቀው አንድ ልጅ ይህን ንቆ ሌሊቱን ሙሉ ከአንድ አሳታሚ ሲያወርድ አደረ። ጠዋት ላይ አሳታሚው ድረ ገጹን በግቢው በሙሉ ላይ ዘግቶት ነበር። መምህራኑ «ኔትወርኩ ነው» ሲሉ ዋሉ፤ ልጁ ትንፍሽ አላለም።

«ቻትቦቱ ሪፈረንስ ሰጥቶኛል»

ስኮላር ቢያንስ ያለ ነገር ነው የሚለቅመው። ቻትቦት የሌለውንም ይጽፋል፤ ደራሲ፣ ዓመት፣ መጽሔት፣ ገጽ፣ ሁሉ አሟልቶ። ማረጋገጫው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ዲኦአይ የተባለውን የጽሑፉን መለያ ቁጥር ዲኦአይ ዶት ኦርግ ላይ አስገቡት። ካልተከፈተ፣ ወይም ሌላ ጽሑፍ ከከፈተ፣ ከዝርዝራችሁ አውጡት።

አንዲት ልጅ አሥራ ሁለት ሪፈረንስ ይዛ መጥታ አብረን ስንፈትሽ አምስቱ ከነጭራሹ የሉም። ስድስተኛውን እኔ ሳልደርስበት አድቫይዘሯ ደርሰውበታል። የእሳቸው ስም ነበረበት። «ልጄ» አሏት፣ «ይሄን የጻፍኩት መቼ ነው?»