በየቀኑ የታሪክ ጥያቄ ላይ ደጋግመው የሚያሳስቱን ነገሮች

በጓደኞች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ በየቀኑ አንድ የታሪክ ጥያቄ መለጠፍ አሁን የተለመደ ነው። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ዋሽንግተን፣ ሌላዋ ዱባይ ሆነው አራቱን አማራጭ አይተው ይነካሉ። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። እኔ ጥያቄ ማውጣቱን በጣም ነው የምወደው። ሰው የሚሳሳተው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን የሰማነው ወሬ ነው። ጥያቄ አውጪውም ያንኑ ሰምቶ ካደገ የተሳሳተው መልስ «ትክክል» ተብሎ አረንጓዴ ምልክት ይደረግበታል። ደጋግመው የሚመጡትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«1960 ሲቀነስ 7፣ 1953 ዓ.ም.»

ከሁሉም በላይ የሚያጨቃጭቀው ይሄ ነው። ጥያቄው «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶን ያሸነፈው መቼ ነው?» ይላል። አንዱ 1960 ብሎ ይመልሳል፣ ሌላው ሰባት ቀንሶ 1953 ይላል። ውድድሩ የተካሄደው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። በእኛ ሲቆጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ልክ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። በማግስቱ ቢሆን ኖሮ 1953 ትክክል ይሆን ነበር። ልዩነቱ 7 ዓመት የሚሆነው ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ብቻ ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8 ነው የሚቀነሰው። አድዋም እንደዚያው ነው፤ ማርች 1 ቀን 1896 በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ይሆናል።

ስለዚህ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ጥያቄ ገና ያላለቀ ጥያቄ ነው። ደግሞ ልዩነቱ የመጣው እኛ ወደ ኋላ ስለቀረን አይደለም። የክርስቶስ ልደት የትኛው ዓመት ላይ እንደሆነ የእስክንድርያ ሊቃውንትና ሮም የነበረው መነኩሴ ዲዮናስዮስ ያሰሉት ለየብቻ ስለሆነ ነው።

«አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ስለሌለው ነው»

አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ጫማ አልጠፋም፤ ለውድድሩ የሞከረው ጫማ ግን አልተመቸውም። በባዶ እግሩ መለማመድ ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም፣ ስለዚህ ከስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ጋር ተመካክረው ያለ ጫማ እንዲሮጥ ተወሰነ። በ2:15:16.2 ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2:12:11.2 አሸነፈ። ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ገና ሳምንታት ቢሆኑት ነው። ያ የድህነት ተረት የሚያናድደኝ የታሰበበትን ውሳኔ ከሰውየው እጅ ስለሚነጥቀው ነው።

በዚሁ ላይ «በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቅና መልሱ አበበ ይባላል። እንዲህ ከተጠየቀ ልክ አይደለም። ደቡብ አፍሪካዊው ሬጂ ዎከር በ1908 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ 100 ሜትር አሸንፏል። በማራቶንም ቢሆን ለደቡብ አፍሪካ የሮጠው ኬን ማካርተር በ1912 ወርቅ ወስዷል። ግብፆችም በ1928 በክብደት ማንሳትና በትግል ወርቅ አግኝተዋል። አበበ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ የወርቅ ባለቤት ነው። ይህ ራሱ ትልቅ ታሪክ ነው፣ ጭማሪ አያስፈልገውም።

«ሰላም የሉሲ ልጅ ናት»

ሰላም የምትባለው የጥንት ሕፃን ቅሪተ አካል በፈረንጅ ሚዲያ «የሉሲ ሕፃን» ተብላ ስለተጠራች ብዙ ሰው እናትና ልጅ ይመስሉታል። ሉሲ፣ ማለትም ድንቅነሽ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ ነው የተገኘችው፤ ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ሰላምን በ2000 እ.ኤ.አ. ዲኪካ ላይ ያገኘው የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ነው። ስትሞት የ3 ዓመት ገደማ ሕፃን ነበረች፤ ቅሪቷ ግን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። ስለዚህ «ልጅ» የተባለችው ከ«እናቷ» በ100,000 ዓመት ያህል ትቀድማለች። ከሁለቱም የምትቀድመው ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያላት አርዲ ናት። «ከኢትዮጵያ ጥንታዊዋ ሉሲ ናት» የሚለው መልስ የሚወድቀው በዚህ ነው።

«አድዋ ላይ ጦርና ጎራዴ መድፍን አሸነፈ»

ጦርና ጎራዴ ይዞ የዘመተ ብዙ ነበር። ጀግንነቱም አያጠራጥርም። ግን ወደ 100,000 ከሚገመተው ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ ነበረው። አፄ ምኒልክ ለዓመታት መሣሪያ ሲያስገቡ ኖረዋል፤ ከራሷ ከጣሊያንም ጭምር፣ ወዳጅ በነበሩበት ጊዜ። ሆችኪስ የሚባሉ ፈጣን መድፎችም ነበሩ። ሕዝቡ ባልቻን በግጥሙ «መድፍ አገላባጭ» ያላቸው በከንቱ አይደለም። ደግሞ መስከረም ላይ ክተት ታውጆ ያን ሁሉ ሰው ስንቁን አስይዞ የካቲት ላይ አድዋ ማድረስ ምን ያህል ዝግጅት እንደሚጠይቅ አስቡት። «በጦርና በጎራዴ ብቻ» ስንል ያመሰገንን ይመስለናል፤ ግን ያን ሁሉ የዓመታት ዝግጅት እየሰረዝን ነው።

«ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ምኒልክ ተቀበሉት»

አልተቀበሉትም። ሥራው የተጀመረው በእሳቸው ዘመን ነው፣ ድሬዳዋም በ1902 እ.ኤ.አ. ደርሷል። አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። እሳቸው ያረፉት በ1913 ነው።

«ከተሳሳትክ ጥያቄው ምንም አልጠቀመህም»

ይህ ስለ ጨዋታው ራሱ ነው፤ ብዙ ሰው እንዳይሳሳት ፈርቶ ዝም ይላል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ጽሑፍን ደግሞ ማንበብንና ያነበቡትን ለማስታወስ ራስን መፈተንን አወዳድረው ነበር። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት ተሻሉ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ስለዚህ ጎግል ከማድረጋችሁ በፊት ገምቱ። ጥያቄ አውጪም ብትሆኑ ቴሌግራም ከመልሱ በታች የምትሰጠዋን የ200 ፊደል ማብራሪያ ባዶ አትተዉ። የተሳሳተው ሰው የሚታረመው እዚያ ላይ ነው።

«ምኒልክ የኤሌክትሪክ ወንበር አስመጥተው ዙፋን አደረጉት»

ወሬው እንዲህ ነው፦ ንጉሡ ከአሜሪካ የሞት መቅጫ ወንበር ያዛሉ፣ ወንበሩ ሲመጣ አገሩ ላይ መብራት የለም፣ እንዳይባክን ዙፋን ያደርጉታል። በየውጭ አገሩ የጥያቄ መድብል ውስጥ አለ፤ ከዚያ ተተርጉሞ ወደ እኛ ግሩፕ ይመጣል። በዘመኑ ከተጻፈ ምንጭ ግን ማስረጃ የለውም። ታሪኩ ራሱም አይገጥምም። ምኒልክ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ስዊዛዊ መሐንዲስ ለረጅም ዘመን አማካሪያቸው አድርገው የያዙ ሰው ናቸው። ኤሌክትሪክ ምን እንደሚፈልግ የሚነግራቸው ሰው አጠገባቸው ነበር። በዘመኑ የተጻፈ ደብዳቤ ወይም የዕቃ ደረሰኝ ያገኘ ካለ ያምጣው፣ በደስታ እናየዋለን። እስከዚያ ግን ይህን ጥያቄ አትለጥፉት፤ ሲለጠፍም ካያችሁ ማስረጃውን ጠይቁ።