ሎክአውት ምንድን ነው? የኤንቢኤ ባለቤቶች በሩን ሲዘጉ

በ2011 የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ የሆነው የኤንቢኤ ውድድር በጊዜው ሳይጀመር ሲቀር ብዙ ሰው «ተጫዋቾቹ አድማ መቱ» ብሎ ነበር የተረዳው። «ሚሊዮን እየተከፈላቸው ደግሞ ምን ጎደላቸው?» የሚለው ወቀሳም ወዲያው ተከተለ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ተጫዋቾቹ ሥራ አላቆሙም። ሥራውን የዘጉት የክለብ ባለቤቶቹ ናቸው። ሎክአውት የሚባለውም ይኸው ነው። በሊጉ ታሪክ በሥራ ክርክር ምክንያት የመደበኛው ውድድር ጨዋታዎች የተሰረዙት ሁለት ጊዜ ነው፤ በ1998 እና በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱንም ጊዜ በሩን የዘጋው አሠሪው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የ30ዎቹ ክለቦች ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር በየጥቂት ዓመቱ የኅብረት ስምምነት ይፈራረማሉ። የደሞዝ ጣሪያው (አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በድምሩ የሚከፍለው ገደብ)፣ የውል ርዝመቱ፣ ከሊጉ ገቢ ለተጫዋች የሚደርሰው ድርሻ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ስምምነቱ ጊዜው አልፎ አዲስ ካልተፈረመ የአሜሪካ ሕግ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ ይሰጣል። ሠራተኛው አድማ ይመታል፤ አሠሪው ሥራ ይዘጋል።

በ2011 ስምምነቱ አብቅቶ ጁላይ 1 ላይ በሩ ተዘጋ። ደሞዝ ቆመ። ተጫዋቹ በክለቡ ጂም መለማመድ አይችልም። ጉዳት ቢኖርበት እንኳ በክለቡ ሐኪም አይታይም። አሰልጣኙ ስልክ አንስቶ «እንዴት ነህ?» ሊለው አይፈቀድለትም። የተጫዋቾቹ ፎቶዎች ከሊጉና ከክለቦቹ ድረ ገጾች ሳይቀር ተነሡ። ባለቤቶቹም ቢሆኑ አፋቸውን እንዲዘጉ ታዘዋል። የማያሚ ሂት ባለቤት ሚኪ አሪሰን ትዊተር ላይ ለአንድ ደጋፊ ሲመልስ የጥፋቱ ባለቤት እሱ እንዳልሆነ የሚጠቁም ነገር ጣል አደረገ። ሊጉ 500,000 ዶላር ቀጣው።

ጠቡ ምን ላይ ነበር? ገንዘብ ላይ፣ በተለይም ድርሻ ላይ። በቀድሞው ስምምነት ከቅርጫት ኳስ ከሚገኘው ገቢ 57 በመቶው የተጫዋቾች ነበር። ባለቤቶቹ «ከ30 ክለቦች 22ቱ ከሥረዋል፤ በአንድ የውድድር ዘመን 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አጥተናል» አሉ። ማኅበሩ ሒሳቡን አልተቀበለም። የሊጉ ገቢ በወቅቱ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ስለነበር አንዷ በመቶ ብቻ በዓመት ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ትሆናለች። ሁለቱ ወገኖች ኒው ዮርክ ሆቴሎች ውስጥ እስከ ሌሊት ሲከራከሩ የነበረው በእነዚህ ጥቂት በመቶዎች ላይ ነው።

እኔ ሎክአውትን የማየው የትዕግሥት ፈተና አድርጌ ነው። ፈተናው ደግሞ እኩል አይደለም። አንድ ባለሀብት ክለቡን ለአሥርት ዓመታት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሌላም ቢዝነስ አለው። ተጫዋቹ ግን ጉልበት የሚኖረው ለጥቂት ዓመት ነው። በ34 ዓመቱ አንድ የውድድር ዘመን ያመለጠው ሰው ያንን ዓመት ከየት ያመጣዋል? የተጫዋቾች ደሞዝ በተለምዶ መከፈል የሚጀምረው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው። ባለቤቶቹ ይህን ያውቃሉ። የመጀመሪያው ደሞዝ ሲቀር የተጫዋቾቹ አንድነት ይላላል ብለው ይጠብቃሉ።

መውጫ የፈለጉ ተጫዋቾችም ነበሩ። ዴሮን ዊሊያምስ ቱርክ ሄዶ ለቤሺክታሽ ተጫወተ። ጄ.አር. ስሚዝ፣ ኬንየን ማርቲንና ዊልሰን ቻንድለር ቻይና ገቡ። የቻይና ሊግ ግን ኤንቢኤ ሲከፈት ጥሎ የመውጣት መብት በውላቸው ላይ አላስገባላቸውም። ሎክአውቱ ሲያበቃ እነሱ እዚያው ቀሩ።

ከዚህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ ግን ማይክል ጆርዳን ነው። በ1998ቱ ሎክአውት በተጫዋችነት በድርድር ላይ ተገኝቶ ስለ ኪሳራ ያማርሩ ለነበሩት የዋሽንግተን ክለብ ባለቤት ለኤብ ፖሊን ማትረፍ ካልቻሉ ክለቡን እንዲሸጡት በግልጽ ነገራቸው። በ2011 ጆርዳን ራሱ የሻርሎት ክለብ ባለቤት ነበር። ያን ጊዜ ለተጫዋቾች የሚሰጠው ድርሻ ይቀነስ ከሚሉት ጠንካራ አቋም ያላቸው ባለቤቶች አንዱ መሆኑ በሰፊው ተዘገበ። ተጫዋቾቹ መናደዳቸው አይገርምም። እኔም ብሆን እናደድ ነበር።

ኖቬምበር 14 ላይ ማኅበሩ የባለቤቶቹን ሐሳብ ውድቅ አድርጎ ተጫዋቾቹን በማኅበርነት መወከሉን ተወ። ራሱን የጎዳ ይመስላል፤ አይደለም። 30 ተፎካካሪ ድርጅቶች ተሰብስበው «ከዚህ በላይ ደሞዝ አንከፍልም» ቢባባሉ በአሜሪካ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ያስከስሳል። የደሞዝ ጣሪያው ሕጋዊ የሚሆነው ማኅበሩ ተደራድሮ ስለተቀበለው ነው። ማኅበሩ ከመሀል ሲወጣ ያ ከለላ አብሮ ይሄዳል። ተጫዋቾቹ ወዲያው ክስ መሠረቱ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 26 ሊነጋጋ ሲል፣ የሊጉ ኃላፊ (ኮሚሽነር) ዴቪድ ስተርንና የማኅበሩ መሪ ቢሊ ሃንተር ከስምምነት ደረሱ። ውድድሩ በፈረንጆች ገና ቀን ተጀመረ፤ እያንዳንዱ ክለብ በ82 ፈንታ 66 ጨዋታ ብቻ አደረገ። የተጫዋቾቹ ድርሻ ከ49 እስከ 51 በመቶ ወደሚሆን ወረደ። በ1998/99 የባሰ ነበር፤ 50 ጨዋታ ብቻ ነበር የተደረገው፣ ምርጥ ተጫዋቾች የሚገናኙበት የኦል ስታር ግጥሚያም ተሰርዟል። አንድ ተጫዋች ሊከፈለው የሚችለው ከፍተኛ ደሞዝ የተገደበውም ያኔ ነው።

ታዲያ ባለቤቶቹ እውነት ከሥረው ነበር? ከሎክአውቱ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ የሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ በ2 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚያው ዓመት ሊጉ የ9 ዓመት የ24 ቢሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን ውል ፈረመ። የዓመቱ ሒሳብ ላይ ኪሳራ ሊታይ ይችላል፤ ክለቡ ራሱ ግን ዋጋው እየናረ ነበር። ለእኔ የተጫዋቾቹ ጥርጣሬ ትክክል ነበር። በእነዚያ ወራት ምንም ያላተረፈው ግን በየስታዲየሙ ትኬት የሚቆርጠው፣ ምግብ የሚሸጠውና የሚያጸዳው ሠራተኛ ነው። የሚከፈለው ጨዋታ ሲኖር ነው፤ ድርድሩ ላይ ወንበር አልነበረውም።

ከ2011 ወዲህ ኤንቢኤ ሎክአውት አላየም። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ብዙ ስለሆነ መጣላቱ ለሁለቱም ወገን ውድ ሆኗል። በ2023 የተፈረመው ስምምነት እስከ 2029/30 የውድድር ዘመን ይዘልቃል፤ የፈለገ ወገን ግን አንድ ዓመት ቀድሞ ሊያፈርሰው ይችላል።